የክንፉ ሚዛንና የእኔ ግለ ሂስ

ሰው ቢከዳኝ ዝም ብዬ የምቀመጥ ሴት አይደለሁም እያልኩ ስፎክር የሚሰሙኝ ልጆቼ ይህን ታሪክ አያውቁትም። ቢያውቁት ይስቁብኛል። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ናዝሬት ከተማ ዳር፣ የመንግሥት እርሻዎች ትራክተርና የውሃ ፓምፕ የሚጠገንበት ግቢ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። በግቢው ያለው ታይፕ አንድ፣ ታይፒስቷም አንድ፣ እሷም እኔ። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ወርክሾፑ ነው። እጄ የሰው ደብዳቤ ይመታል፣ ዓይኔ ግን እዚያ ነው፤ ሞተር ሲፈታ፣ ሲታጠብ፣ ሲገጠም ቀኑን ሙሉ አያለሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ በሒሳብ የሚቀድመኝ አልነበረም። የመልቀቂያ ፈተናው ላይ እንግሊዝኛው ጣለኝና ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ቀረሁ። አለቆቼ "ጣትሽ እንዴት ይፈጥናል!" ይሉኛል። ማመስገናቸው ነው። እኔ በሆዴ፣ ጣት ብቻ ነው እንዴ ያለኝ እላለሁ።

መሥሪያ ቤቱ አልፎ አልፎ አንድ ሠራተኛ ለቴክኒክ ሥልጠና ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ከወዳጅ አገሮች ወደ አንዱ ማለት ነው። መመሪያው የትምህርት ደረጃ አይጠይቅም፤ "በፈጠራ ሥራ ተሳትፎ ያሳየ" ይላል። መመሪያውን የመታሁት እኔ ስለሆንኩ በቃሌ ነው የማውቀው። ሠልጥኖ የተመለሰ ሰው ቀጥታ ቴክኒክ ክፍል ይመደባል። እኔ በዓለም ላይ የምፈልገው ይቺን ነበር፤ ከዚያ ታይፕ ጀርባ ተነስቼ ግቢውን አቋርጬ ወርክሾፑ መግባት። ባልም አላማረኝ፣ ቤትም አላማረኝ።

በዚህ ታሪክ እሱ የምለው የቴክኒክ ክፍሉን ኃላፊ ነው። ሁለት ዓመት ውጭ ተምሮ የመጣ፣ ሳቂታ፣ ከሠራተኛው ሁሉ ጋር የሚቀልድ። ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ቴክኒሻኖች ከእኛ ከቢሮ ሴቶች ጋር አይቀመጡም፤ እሱ ሳህኑን ይዞ ይመጣል። "እህት ዓለም" ነው የሚለኝ። ወንድም የለኝምና ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ከተማረበት አገር ሲመጣ አንድ ሣጥን ይዞ ነበር የመጣው። ሣጥኑ አንቴና አለው፤ በሁለት ዘንግ ስትነካካው ትንንሽ ሞተሮች ከሩቅ ይታዘዙለታል። በዚያ ዘመን አንቴና ያለው ዕቃ ሰላይ ያስብላል፤ ቤትህ አስቀምጠህ እንቅልፍ አይወስድህም። እሱም ብልጥ ነው፣ ገና እንደመጣ ለመሥሪያ ቤቱ አስረክቦ ማኅተም ያለበት ወረቀት አሠራለት። ለአብዮት በዓል እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የፈጠራ ሥራ ያቅርብ ሲባል ሣጥኑ ትዝ አለው። "ጭራ የሌለው አውሮፕላን እንሠራለን" አለ። "ክንፍ ብቻ! እዚያ ሳለሁ ሲበር አይቻለሁ።" ረዳት ያስፈልገኛል አለና ከሰው ሁሉ እኔን መረጠ። አለቃዬ ከሥራ ሰዓት ውጪ ከሆነ ምን ቸገረኝ አለ።

ሦስት ወር ሠራነው። ማሽን ታሽጎበት ከሚመጣው ነጭ ፎም ክንፉን በጋለ ሽቦ ቆረጥነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የአንድ ሰው ቁመት ሊሆን ትንሽ የቀረው፣ ወደ ኋላ የሸሸ፣ መሀሉ ሰፊ ጫፉ ጠባብ። የሚገፋው ሞተር የለውም፤ ትንንሾቹ ሞተሮች በባትሪ የኋላ ጠርዙን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ በረጅሙ ተቀዶ፣ ተወጥሮ፣ እንደ ወንጭፍ ወደ ላይ ይተኩሰዋል። ከዚያ በኋላ በራሱ እየተንሳፈፈ በሣጥኑ ይነዳል።

የዚህ ነገር ሞቱም ሽረቱም ሚዛኑ ላይ ነው። ጭራ ያለው አውሮፕላን ሚዛኑ ትንሽ ቢሳት ጭራው ይይዝለታል። ጭራ የሌለው ግን ማን ይይዝለታል? ክንፉን ከሥሩ በሁለት ጣት ደግፈህ ስታነሳው፣ ጣቶችህ አንዲቱ ትክክለኛ ቦታ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው አፍንጫውን ደፋ አድርጎ ቀጥ የሚለው። ክብደቱ ከዚያች ቦታ ወደ ኋላ ካለፈ አይበርም። እሱ በእያንዳንዱ ክንፍ መሀል ላይ ስፋቱን ለካና ከፊት ጀምሮ ሲሶው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ።

"ሲሶ የምትለው ለባለ ጭራው አይደለም?" አልኩት።

"ሲሶ ሕግ ነው እህት ዓለም። እዚያ ያስተማሩን ይኸንኑ ነው።"

ምን አውቃለሁ ብዬ ተውኩት። ባትሪውንም እሱ ባለው ቦታ በገዛ እጄ አጣበቅኩት።

የአውራጃው ኮሚቴ ከበዓሉ አስቀድሞ ሊያይ የመጣ ዕለት ግቢው ሁሉ ወጥቶ ከጀርባው ሜዳ ቆመ። ካላማዳሪያው ተወጠረ፣ ተለቀቀ። ክንፉ ወጣ፤ እሰይ አልን። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አደረገ፣ አሁንም ቀና አደረገ፣ በጀርባው ተገለበጠና እየተሽከረከረ ከኮሚቴው ሰዎች ፊት ወደቀ። አንዱ ኮፍያውን ይዞ ሮጠ። ከሠራተኛው መሀል ሳቅ ተሰማ፤ ኮሚቴው ግን አልሳቀም። ፊታቸው ክፉኛ የጠቆረ አንድ ሰው፣ "የመንግሥት ዕቃና ጊዜ ነው እንዲህ የሚሆነው? ኃላፊው ማን ነው? ይመርመር!" ብለው ወደ መኪናቸው ገቡ። አሻጥር የምትለዋን ቃል ማን እንደተናገራት አላውቅም፤ ሰው አፍ ላይ ስትዞር ግን እኔም ሰማኋት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጣና በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ከንፈሩ ደርቋል።

"እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ረቡዕ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ አለ። ይህን ነገር ያነሱታል።"

"ያንሱታ። ተሳሳትኩ በላቸው፣ ምን አለ?"

"እኔ ተሳሳትኩ ካልኩ ስህተት አይሉትም። ውጭ ተምሮ የመጣ ሰው ምን ብሎ ይሳሳታል? ሆን ብሎ ነው ይላሉ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንቺ ብትወስጂው ግን ማን ይፈርድብሻል? ባትሪውን ያጣበቅሽው አንቺ ነሽ። በግዴለሽነት ወደ ኋላ አደረግሁት፣ ትምህርት ወስጃለሁ ትያለሽ። ያጨበጭቡልሻል፣ ያልቃል።"

አፌን ከፍቼ አየሁት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሉት ፊት ለፊቴ ቆሟል።

"ለሥልጠናው ስም የሚያቀርበው ቴክኒክ ክፍል ነው" አለ። "ማለት እኔ ነኝ። እኔ ውጭውን አይቼዋለሁ፣ ጠግቤዋለሁ። ያንቺ ተራ ነው። በእናቴ እምላለሁ፣ ካንቺ ስም በቀር ሌላ ስም አላቀርብም።"

እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ የውሸት አልነበረም። ከእኛ ግቢ ለጥያቄ ተጠርቶ ሄዶ ያልተመለሰ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር፤ ሚስቱ በየወሩ እየመጣች ደብዳቤ ታስመታኝ ነበር። እና አዘንኩለት። ሥልጠናውም አማረኝ። የትኛው እንደበለጠብኝ እስከዛሬ አላውቅም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝና እሺ አልኩ።

ረቡዕ ከሥራ በኋላ አዳራሹ ሞላ። የጉባኤው ሊቀ መንበር የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ሰው መቅጣት የማይወዱ፣ ግን ወረቀት ላይ ከሰፈረ ነገር ንቅንቅ የማይሉ ሰው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እንደ ወትሮው እኔ ነኝ። ተራው ሲደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩና ተነሳሁ።

"ጓዶች፣ እኔ ራሴን እሄሳለሁ" አልኩ። "የክንፉን የሚዛን ነጥብ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ባትሪውን ከተነገረኝ ቦታ ወደ ኋላ ያስቀመጥኩት በግዴለሽነት ነው። ለወደፊቱ እታረማለሁ።"

አጨበጨቡ። እሱም አጨበጨበ። ሊቀ መንበሩ "ጓዲት ያሳዩት ቅንነት ለሁላችንም አርአያ ነው" አሉ። ተቀመጥኩና፣ ብዕሬን አንስቼ የተናገርኩትን ጻፍኩት። በማግስቱ ጠዋት በሦስት ካርቦን አራት ቅጂ መታሁት። እንዲያውም "በግዴለሽነት" የሚለው ላይ አንድ ፊደል ስቼ ስለነበር ወረቀቱን አውጥቼ እንደገና መታሁት። ጅል!

እናቴ የወንጌል ሰው ናት። ጸሎት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ቤት ውስጥ ነው የምትጸልየው፤ ሐሰት ግን ቤት ውስጥም ውጭም ሐሰት ነው ለእሷ። ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

"ያላደረግሽውን አደረግሁ አልሽ?"

"እማዬ፣ ሰውን ለማዳን ነው።"

"በሐሰት አትመስክር ነው የሚለው። በባልንጀራህ ላይ ነው ያልሽኝ እንደሆነ አንቺስ የራስሽ ባልንጀራ አይደለሽም?" ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እኔም አሁን የእናት ነገር ብዬ ተውኩት።

ሚዛኑን ያገኘሁት ከግለ ሂሱ በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ በምሳ ሰዓት፣ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን። እሱ ወርክሾፕ ውስጥ የተሰበረውን አፍንጫ እየጠገነ አሁንም ሲሶ፣ ሲሶ ይላል። እኔ ግን የዚያ ነገር አገለባበጥ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ትልቁን ደግመን ከምንሰብር ለምን ትንሹን አንጥልም ብዬ ከአሮጌ ማኅደር የካርቶን ሽፋን ላይ ያንኑ ቅርጽ በአሥር እጥፍ አሳንሼ ቆረጥኩ። የኋላ ጠርዙን በጥፍሬ ትንሽ ወደ ላይ ቀለስ አደረግሁት። ከዚያ አፍንጫው ላይ አንድ የወረቀት አግራፍ ሰካሁና ወረወርኩት። ልክ እንደ ትልቁ ተገልብጦ ወደቀ። ሁለት አግራፍ ሰካሁ፤ እንደ ሰካራም ቀና ጎንበስ እያለ ሄደና ወደቀ። በሦስተኛው የፋይል ቁም ሣጥኑን አልፎ፣ በበሩ ወጥቶ፣ ኮሪደሩን ይዞ ቀጥ ብሎ ሄደ። የጽዳት ሠራተኛዋ "በስመ አብ!" ብላ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች።

ጫማዬን አውልቄ ነው የሮጥኩት። ደጋግሜ ወረወርኩት፤ በወረወርኩት ቁጥር ይሄዳል። ከዚያ ከሥሩ በሁለት እርሳስ ጫፍ ደግፌ ቀጥ የሚልበትን ቦታ ፈለግሁ፣ ምልክት አደረግሁ፣ በማስመሪያ ለካሁ፣ በአሥር አባዛሁ። ሲሶ አይደለም! አንድ አምስተኛም አይሞላም። እሱ ካለው ቦታ ሁለት ጣት ያህል ወደ አፍንጫው ይጠጋል። ይቺው ነበረች የሁሉም ነገር መፍትሔ፣ ሁለት ጣት።

ሳሳየው መጀመሪያ ሳቀ። "በአግራፍ?" አለ። ከዚያ ካርቶኑን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ወረወረው። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሳቁን አቆመ። ሜትሩን አወጣና ትልቁ ላይ ለካ፣ እንደገና ለካ። ሜትሩን ጠቅልሎ "አንቺ ልጅ፣ ጭንቅላት አለሽ እኮ" አለኝ። ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄአለሁ! ዕንባዬ መጣ፣ ዞር ብዬ ዋጥኩት።

ቅዳሜ የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ለፓምፕ ሥራ ወደ ቆቃ ስለሚሄድ ክንፉን ጭነን አብረን ሄድን። አፍንጫው ላይ የሚጨመር የእርሳስ ብረት ስላነሰን ሐይቁ ዳር መረባቸውን የሚጠግኑ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ሄድኩ። "አካም ጅርቱ አባባ" ብዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቼ ከመረባቸው ክብደት ጥቂት ለመንኳቸው። ሰጡኝ። ከዚያ እየተከተሉ መጥተው ክንፉን ዞረው ዞረው አዩት።

"ይህ ወፍ ጭራውን ምን በላው?" አሉ።

"ሲፈጠርም የለው አባባ።"

"እንግዲያስ አይበርም። ጭራ የሌለው ወፍ አላየሁም፣ እኔ እዚህ ውሃ ዳር ነው ያረጀሁት።"

በሁለት ጣቴ አነሳሁት። አንድ ቁራጭ ጨመርኩ፣ አነሳሁት። ግማሽ ቁራጭ ጨመርኩ። አፍንጫው ደፋ አለና ቆመ። "በቃ" አልኩ። ካላማዳሪያው ተወጥሮ ሲለቀቅ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስከፍተው ሰማይ ላይ ነው። ነፋሱ ላይ ተኝቷል! ሽማግሌው በኦሮምኛ እየጮሁ ይስቃሉ፤ ሹፌሩ ኮፍያውን ወርውሯል። እሱ ሣጥኑን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። "ያዢ፤ ያበረርሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። ዘንጉን ወደ ቀኝ ነካ ሳደርግ ክንፉ ወደ ቀኝ አጋደለ። ግራ ሳደርግ ግራ። ስንመለስ ሞጆን እስክናልፍ ድረስ ስለ ሥልጠናው ነው የነገረኝ፤ እዚያ ክረምቱ እንዴት እንደሚከብድ፣ ምን ዓይነት ካፖርት እንደሚያስፈልገኝ። ካፖርት! እኔም ቤት ገብቼ ለእናቴ ስለ ካፖርት አወራሁላት።

በበዓሉ ቀን የኳስ ሜዳው ሞልቶ ክንፉ ሦስት ጊዜ ዞሮ በሰላም አረፈ። ድምፅ ማጉያው የእሱን ማዕረግና ስም ጠራ፤ የእኔን አልጠራም። ቅር አለኝ፣ ግን ሰው በበዛበት ተረስቶ ነው አልኩ። ሥልጠናው አለ አይደል? ላም አለኝ በሰማይ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት ተላላኪው የሚመታ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። የእጅ ጽሕፈቱን ከሩቅ ለየሁት፣ የእሱ ነው። ርዕሱ ስለ ውጭ አገር ሥልጠና እጩ ነው። ወረቀት አስገባሁ፣ መምታት ጀመርኩ። ሳላነብ እመታለሁ እኔ፤ ጣቴ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጭንቅላቴ ከኋላ ይደርሳል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ጭንቅላቴ ደረሰ።

"የጽሕፈት ሠራተኛዋ በሥራው የተሳተፉ ቢሆንም፣ የሚዛኑን ነጥብ በግዴለሽነት በማሳሳት ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆናቸውን በግለ ሂስ ስላመኑ፣ ለቴክኒክ ሙያ ብቁ ሆነው አልተገኙም።" ሦስተኛው አንቀጽ ትክክለኛውን የሚዛን ነጥብ በራሱ ጥናት ስላገኘ ለከፍተኛ ሥልጠና እንዲላክ የታጨውን ሰው ይጠራል። እሱ ራሱ። ቃለ ጉባኤውም በአባሪነት ተያይዟል፤ እኔ አጥርቼ የመታሁት።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ደንደሱን ያን ቀን አየሁት። ከሁሉ የከነከነኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? በግቢው ታይፒስት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ወረቀት ሲልክ ማን እንደሚመታው አላሰበም? ወይስ አስቦ፣ ምን ታመጣለች አለ? ዛሬም ድረስ ይህን ጥያቄ እያመነዠኩ ነው።

ደብዳቤውን ሳልጨርስ ተነስቼ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄድኩ። "ግለ ሂሴ ሐሰት ነው፤ ሲሶ ያለው እሱ ነው" አልኳቸው። አዘኑልኝ መሰለኝ። "እንዲህ ያለው ነገር በጉባኤ የተነገረ ነው፤ የሚፈታውም በጉባኤ ነው" አሉኝ።

ረቡዕ እንደገና ያው አዳራሽ ቆምኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቢሮዬ መጥቶ የለመነኝን፣ አግራፉን፣ ቆቃን። ስጨርስ ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጓዲት፣ ባለፈው የተናገሩት ሐሰት ነበር ነው የሚሉን?"

"አዎ ጓድ ሊቀ መንበር።"

"እንግዲያው ያን ቀን ይህን ጉባኤ ዋሽተዋል።"

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ቃለ ጉባኤ አየሁት።

"ጉባኤን መዋሸት ባትሪ ከማሳሳት የከበደ ጥፋት ነው" አሉ፣ ሳይቆጡ። "ዛሬስ እንደማይዋሹ በምን እናውቃለን? ልጄ፣ ይህን ነገር አልሰማንም ብንል ይሻልዎታል።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባላደረግሁት ከተናዘዝኩ በኋላ አላደረግሁም ማለት ሌላ ወንጀል ነው። አንድ ሰው ብቻ ነበር ሊያወጣኝ የሚችለው። እኔም አየሁት፣ አዳራሹም አየው።

"ጓድ፣ እርስዎስ የሚሉት አለ?" አሉት።

ተነሳ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ልማልላችሁ እችላለሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይናገራል ብዬ ተስፋ ነበረኝ። ሁሉን ባይናገር እንኳ "ሚዛኑን ያገኘችው እሷ ናት" ይላል ብዬ ነበር፤ ይቺ ማንንም አታሳስርም።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ በቃለ ጉባኤው ከሰፈረው ውጪ የማስታውሰው ነገር የለም" አለ። "ጓዲት ሥራ በዝቶባቸው ደክሟቸው ይሆናል። ዕረፍት ቢሰጣቸው ጥሩ ነው።"

ጓዲት አለኝ። በአንቱታ። እህት ዓለም ያለኝ ሰው።

"በቃለ ጉባኤ ይያዝ" አሉ ሊቀ መንበሩ። የሚይዘው ማን ነው? እኔው ነኛ። ተቀመጥኩና እሱ ያለውን ከነዕረፍቴ ጻፍኩት።

ከመሄዱ በፊት አንድ ቀን ቢሮዬ መጣ። አዲስ ካፖርት ክንዱ ላይ አንጠልጥሏል። ለመሰናበት የመጣ መስሎኝ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ይሆናል ብዬ፣ አያችሁ ጅልነቴን፣ ወንበር አቀረብኩለት። አልተቀመጠም።

"ያ ካርቶን አለ?" አለኝ። "እዚያ ስደርስ ሚዛኑን እንዴት እንዳገኘሁት ይጠይቁኛል። ባሳያቸው ይሻላል።"

እንዳገኘሁት። ቃለ ጉባኤው ላይ አለልህ፣ እዚያ አንብበህ አስረዳቸው ልለው ይገባኝ ነበር። ይቺን መልስ ያገኘኋት ግን ከስንት ዓመት በኋላ ልብስ ሳጥብ ነው። ያን ቀን መሳቢያዬን ከፍቼ ካርቶኑን ከነሦስት አግራፉ ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት አትጠይቁኝ።

ተቀብሎ አገላበጠው። የግራው ክንፍ ላይ በእርሳስ ስሜን ከነአባቴ ጽፌበት ነበር፤ ኮሪደሩን ያቋረጠ ዕለት በደስታ የጻፍኩት። አየው። ወደ ጠረጴዛዬ ጎንበስ አለና "ላጲስ አለሽ?" አለኝ።

ሁለት ላጲስ ከታይፑ አጠገብ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል።

"የለኝም" አልኩት።

ላጲሶቹን አያቸው፣ እኔንም አየኝ። ከዚያ አውራ ጣቱን ምራቁ ውስጥ ነከረና እዚያው ፊቴ ቆሞ ስሜን ያሸው ጀመር። የአባቴ ስም ላይ ሲደርስ እርሳሱ ጠንክሮ ስለነበር ሁለተኛ ጊዜ ጣቱን ማርጠብ ነበረበት። ሲጨርስ እፍ አለበትና ኮቱ ኪስ ውስጥ አስገብቶ ሄደ።